ጎማው ላይ ያሰርኩት ድንጋይ

ጋሽ በራሶ መሞቱን የሰማሁት የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ጎሚኒ ልገዛ ሄጄ ነበር፤ ያቺ ቧንቧው ራስ ውስጥ ገብታ ውሃውን የምትዘጋዋን ትንሽ ክብ ላስቲክ። ባለሱቁ መሳቢያውን እየበረበረ፣

«ሰምተሻል አይደል? ጋሽ በራሶ ትናንት አረፈ» አለኝ።

«የቱ በራሶ?» አልኩት፤ የቱ እንደሆነ እያወቅሁ።

«ኧረ አንቺ! ዲላ ውስጥ ስንት በራሶ ነው ቧንቧ የሚሠራው?»

እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ የተሰማኝ እረፍት ነው። ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት፣ ከእንግዲህ በአጥሬ በኩል አያልፍም ብዬ አሰብኩ። ጎሚኒዋን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ቆም አልኩ። ይህ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ኖሮ፣ መልሱን ሳይሰማ ሄደ።

በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። በሕይወት እያለ ያልተሰማኝን አክብሮት ሞተ ብዬ ልጽፍለት አልችልም።

የተወለደው ከወናጎ በላይ ካለ ገጠር ነው። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጣቶቹ ከዝገት ብዛት የጠቆሩ ሰው ነበር። አማርኛን የለመደው ከተማ ከገባ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፤ ስለ ሴት ሲያወራም «እሱ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን ይህም ያናድደኝ ነበር። በኋላ ከዚህ የባሰ ብዙ የሚያናድድ ነገር ሲያመጣብኝ ይህን ተውኩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ የመጣው ደጄ ላይ ያለው ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲያበዛ ነው። እኔ በአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ጥምጥም አድርጌ አስሬው ነበር። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ይህን ማን አሰረ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቆስሎ ነው?»

«ያፈስ ስለነበር ነዋ።»

«እና ፋሻ አደረግህለት!» ከመነዳሪውን በቢላ ቆርጦ እግሬ ሥር ወረወረው። ከዚያ ቧንቧውን እንድዘጋ አዘዘኝ። እኔ እንደ ልማዴ በሁለት እጄ ይዤ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትባክን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምዘጋው።

«ምን አደረገህ?» አለኝ። «አንቀህ ልትገድለው ነው?»

ቧንቧውን ፈትቶ ጎሚኒውን አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ተጨፍልቆ፣ መሐሉ ተሰንጥቆ ነበር። ያፈሰሰው እኔ በጉልበት ስለምዘጋው ነው ማለት ነው። ባፈሰሰ ቁጥር ይበልጥ አጠብቃለሁ፣ ባጠበቅሁ ቁጥር ይበልጥ ያፈስሳል። «ጠብታው ሲቆም እጅህን አንሣ» አለኝ። ይህች ምክር ዛሬም ትጠቅመኛለች፤ አልክድም። አነጋገሩ ግን ሰውን እንደሚመክር አልነበረም።

ሳይጋበዝ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ቀስ እያለ እንደሚወርድ አየ። ከሥር ያለችውን ጎባጣ ቧንቧ በመፍቻ ፈታት። የቡና አተላና የረጋ ዘይት አንድ ላይ ተጋግሮ፣ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ወጣ። መሬት ላይ ቢጥለው ምን ነበረበት? አንሥቶ ገና ባጸዳሁት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው።

«ይኸው። ያንተ ነው።»

ሠርቶ ሲጨርስ ውሃ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። ሰው ቤት የተሰጠውን ውሃ የሚያሸት ሰው ከእሱ በቀር አላየሁም። ደሜ ፈላ።

«ምን ሸተተዎት?»

«ገና ምንም አልሸተተም» አለና ጠጣው።

«ገና» ማለቱ ለብዙ ቀን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚባልባት ሴት አልነበርኩም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ንጽሕና ላይ ግን ማንም አይወቅሰኝም ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ምሕረት ስትወለድ ደግሞ ፍርሃት ገባብኝ። ውሃዋን አፈላለሁ፣ ጡጦዋን ቀቅዬ አወጣለሁ፣ ዝንብ ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወር ውስጥ ብዙውን ቀን ቤት አይውልም። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ እያልኩ ነበር የምኖረው።

የተከራየነው እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው ዳገት ላይ ነው። የውሃው መስመር ታች ከበሩ አጠገብ ካለው ቆጣሪ ተነሥቶ በመሬት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ቧንቧ ታች በሩ ጋ ነው፤ የሚጠጣውን ሁላችንም ከዚያ እንቀዳለን። ሁለተኛው ደግሞ ላይ፣ እኔ ደጅ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ የመጣ ቀን ቤት ያልተገኘ ሰው ሳይቀዳ ይቀራል። እኔ እንዳያመልጠኝ ብዬ ደጄ ያለውን ቧንቧ በርሜሉ ሞልቶ እስክዘጋው ድረስ ሌት ተቀን ክፍት እተወዋለሁ። የውሃ ጎማ ሰክቼበት፣ የጎማውን ሌላ ጫፍ በርሜል ውስጥ እከታለሁ። ውሃው ሲመጣ በርሜሉ ራሱ ይሞላል። መጀመሪያ ጎማው በውሃው ግፊት እየዘለለ ግቢውን ጭቃ ያደርገው ነበር። ስለዚህ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰርኩና ከበርሜሉ ወለል እንዲቀመጥ አደረግሁ። በዚህ ዘዴዬ እኮራ ነበር። የምሕረትን የሽንት ጨርቆች የምዘፈዝፈውም እዚያው በርሜል ውስጥ ነው።

ምሕረት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ተቅማጥ ያዛት። ድና ሳምንት ሳትቆይ ደገማት። ሦስተኛው ሲመጣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ስታለቅስ እንባ እንኳ የማይወጣት ሆነች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የተቅማጡን ዱቄት መድኃኒት በጥብጣ በማንኪያ እያጠጣቻት፣ «ውሃችሁን ተመልከቱ» አለችኝ። የእትዬ ዘነበች የልጅ ልጅም በዚያው ሳምንት ታመመ። ከውሃው እንደሆነ ለሁላችንም ገባን። እኔ ከነርሷ ፊት እንደተነሣሁ ያሰብኩት ግን፣ ይህን ያደረገብኝ ማነው የሚለውን ነበር።

አስቴር ከሽንት ቤቱ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ከልጇ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ገበያ አቮካዶ ትሸጣለች። ዝምተኛ ናት። ከወናጎ እናቷ የላከችላትን የእንሰት ችግኝ በሽንት ቤቱና በታችኛው ቧንቧ መካከል ተክላ ነበር። የውሃው መስመር በዚያ በኩል እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። ቆፍራ ሰብራዋለች፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ገብቷል፣ አለቀ። ለእትዬ ዘነበች ነገርኳት። ማታ አስቴር ከገበያ ስትመለስ ሁለታችን በሩ ላይ ጠበቅናት።

«ከቆፈርሽበት ሥር ቧንቧ አለ!» አልኳት።

«የምሕረት እናት፣ አንድ ክንድ እንኳ አልቆፈርኩም። ቧንቧ የሚባል አላየሁም።»

«ታዲያ ያንቺ ልጅ ለምን አልታመመችም?»

ዝም አለች። ምን ትበል? ልጅሽ ለምን ጤነኛ ሆነች ተብሎ ለተጠየቀ ሰው ምን መልስ አለው? ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። በዚያው ንዴት ሄጄ አራቱን እንሰቶች በእጄ ነቀልኳቸው። አፈሩ ለስላሳ ስለነበር ሳያስቸግሩ ወጡ። እትዬ ዘነበች «እስከ ሐሙስ ክፍሌን ልቀቂልኝ» አለቻት። ሐሙስ ጠዋት ፍራሿን፣ ልጇንና አንድ ኩርቱ ፌስታል ባጃጅ ላይ ጭና ሄደች። ሲወጡ ልጅቷ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ጋሽ በራሶ በዚያ ሰሞን ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሥራ ይዞ ስለነበር የመጣው ቅዳሜ ነው። የተሰበረውን ፈልጎ እንዲጠግን ነው ያስጠራነው። ቀኑ የእኛ ፈረቃ ነበር፤ ውሃ አለ። ከቆጣሪው እስከ ደጄ ያለውን መስመር በሙሉ ቆፍሮ አወጣው። ቧንቧው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። አፈሩም ደረቅ ነው።

«ደህና አድርገው ይዩት» አልኩት።

 ወደ ላይ ወጣና ጎማዬን ከበርሜሉ ጎተተው። ድንጋዩ ተንጠልጥሎ ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ መሆኑን ዓይን አለኝ። ምን ይሠራል?»

ነገርኩት። በርሜሉ ውስጥ የተዘፈዘፉትን ጨርቆች ለረጅም ጊዜ አያቸው። ጎማውን ከነድንጋዩ መልሶ ከተተው። ውሃው እየወረደ ነበር። ከዚያ ቤት ገብቶ ምድጃ ላይ የጣድኩትን ድስት አነሣ። ድስቱ ውስጥ ያለው ለምሕረት ደም ይሆናታል ብዬ የቀቀልኩት ቀይ ሥር ነው። ሳልደርስበት ከነውሃው በርሜሉ ውስጥ ደፋው።

«የልጄን ምግብ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በልና እይ።»

ታች ወርዶ ከቆጣሪው አጠገብ መስመሩን ዘጋ። ፈረቃው ሲያልቅ እንደሚሆነው ማለት ነው። እትዬ ዘነበችን የታችኛውን ቧንቧ እንድትከፍትና ነጭ ሳህን ከሥር እንድታደርግ አዘዛት። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ወረደ። ቧንቧው አጉረመረመ። ቀጥሎ የወረደው ሐምራዊ ቢጤ ነው። ከዚያ ሳህኑ ቀላ።

እትዬ ዘነበች «ኢየሱስ!» ብላ እጇን አነሣች።

«ውሃ ሲሄድ ቧንቧው ባዶ ይሆናል» አለ ጋሽ በራሶ። «ታች ሰው ሲከፍት ከላይ ይስባል። ጎማው አፉን ምን ውስጥ ነው የከተተው? እሱን ይጠጣል። ያ ሁሉ ቧንቧው ውስጥ ቁጭ ብሎ ያድራል። ውሃ ሲመጣ ማነው መጀመሪያ የሚቀዳው?»

እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሳይነቃ ተነሥቼ ጀሪካኔን የምሞላው እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥላ እትዬ ዘነበች። አስቴር ከገበያ መጥታ ማታ፣ መስመሩ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ትቀዳለች። ምሕረትን የማጠጣትን ውሃ አፈላው ነበር፤ የምትጠጣበትን ኩባያ ግን በዚያው ባልፈላ ውሃ ነበር የማለቀልቀው።

«ልጅህን ያሳመምከው አንተ ነህ» አለኝ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

ከዚያ አስቴር የት እንዳለች ጠየቀ። እትዬ ዘነበች ነገረችው። እንሰቶቹ የተነቀሉበትን ጉድጓዶች አየ።

«ማን ነቀለ?»

«እኔ።»

«ሂድና ንገረው።» ለአስቴር ማለቱ ነው።

«እሺ» አልኩት።

እትዬ ዘነበች ጣልቃ ገባች። «አንቺ ልጅ፣ ክፍሉን ለሌላ ሰጥቻለሁ። የሆነው ሆኗል። ከዚህ ግቢ አይውጣ።»

ጋሽ በራሶ ጀርባውን ሰጣት። ጎማውን አወጣ፣ የድንጋዩን ማሰሪያ ቆርጦ ድንጋዩን ቤቴ ደፍ ላይ አስቀመጠው። የጎማውን ጫፍ ከበርሜሉ አፍ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በሽቦ አሰረው። «አየር በመካከል ይኑር። ከዚህ በታች እንዳይወርድ» አለ። ውሃ አቀረብኩለት። አላሸተተውም፣ አልጠጣውም። ዕቃውን ተሸክሞ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ጠላቴ የሆነው። ወደ ሥራ የሚሄደው በእኛ አጥር በኩል ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በተለይ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ሲሆን፣ ከአጥሩ በላይ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል።

«ነገርከው?»

ይህን ብቻ ነው የሚለው። ደህና አደርክ የለም፣ ልጅህ እንዴት ነው የለም። ሳልመልስ ስቀር መንገዱን ይቀጥላል። ጎረቤቶቼ «ምን ልትነግሪ ነው?» ይሉኛል። «ይህ ሽማግሌ ዞሮበታል» እላለሁ። እርምጃውን ስሰማ ቤት መግባት ለመድኩ። ገብቼም ድምፁ ይደርሰኛል። ይህን ያህል ጠቅሞኝ ይህን ያህል የጠላሁት ሰው በሕይወቴ አላውቅም። ምሕረት ከዚያ ወዲህ በውሃ ታማ አታውቅም፤ እኔ ግን ስሙ ሲጠራ ወሬ እቀይራለሁ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ጋሽ በራሶ፣ አርፈው ሥራዎትን አይሠሩም?» ብዬ ጮህኩበት።

«እየሠራሁ ነው» አለኝ።

ሌላ ቀን ዋሸሁት። «ነገርኳት!» አልኩት በኩራት። አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«አልነገርክም። ትናንት ቤቱ ቧንቧ ስሠራ ነበር።»

አስቴር ቤት ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ነግሯታል ብዬ ደመደምኩ። ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሁሉ ያወራብኛል አልኩ። ገበያ ውስጥ ሴቶች ሲስቁ ካየሁ በእኔ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ አስቴርን ከአቮካዶዋ ኋላ ተቀምጣ አየኋት። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ዞሬ ቲማቲም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እሷን አልነበረም የፈራሁት። «ጎማው የእኔ ነበር» ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው «ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ» የሚለው ነው። ያንን ከአፌ ማውጣት ነው ያቃተኝ። ስድስት ዓመት አቃተኝ።

ለለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ሰው አየኝ ለማለት ያህል እንጂ ሐዘን ኖሮኝ አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች በጌዴኦኛ ይዘምራሉ። ሰው ብዙ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ሰድቦ እንዴት ይህን ሁሉ ሰው አገኘ ብዬ ገረመኝ። እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። በርሜል አለ፤ ጎማው ከበርሜሉ አፍ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሽቦ ታስሯል። ከበርሜሉ አጠገብ ጎንበስ ብላ ሳህን የምታለቀልቀው አስቴር ናት።

ቀና አለች። ልታመልጠኝም፣ ልትስመኝም አልሞከረችም።

«የምሕረት እናት» አለችኝ።

ከአሁን በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ብተወው ማንም አያውቅም። ምን እንደገፋኝ አላውቅም።

«አስቴር፣ ቧንቧውን አንቺ አልሰበርሽውም። የእኔ ጎማ ነው። የልጄ ጨርቅ ከተዘፈዘፈበት በርሜል ወደ መስመሩ የሚስበው የእኔ ጎማ ነበር። ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ቀን ነው ያወቅሁት።»

ሳህኑን አለቅልቃ ጨረሰች። ደርድራ አስቀመጠችው።

«እንዳልሰበርኩት አውቅ ነበር» አለች። «ምን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ጋሽ በራሶን ጠይቄዋለሁ። በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«‹እሱን ጠይቅ፣ አፍ አለው› ይለኛል። ሌላ ቃል አይጨምርም።»

ምንም አልነገራትም! ከተማው ሁሉ የሰማው የመሰለኝን ነገር፣ ነገሩ ለሚመለከታት ለአስቴር እንኳ አፉን አልከፈተም። የልጄን ሕመም ለእኔ አፍ ትቶ፣ እኔን ከአጥር ላይ እየጮኸ ብቻ ጠበቀኝ። ይህን ሳውቅ እንኳ አልወደድኩትም። ይበልጥ ተናደድኩበት። ቢነግራት ኖሮ ስድስት ዓመቱ ይቀርልኝ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

አስቴር እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «እንሰቶቹ ስንት ነበሩ?»

«አራት።»

«አምስት ነበሩ» አለች። ባልዲዋን አነሣችና ወደ ሴቶቹ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ጎሚኒዋን ለመቀየር ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብዬ ነበር። ጋሽ በራሶ ያልፍ በነበረበት ሰዓት ከአጥሩ ኋላ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ማን ይሁን ማን አላየሁም፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ነገርኳት!» ብዬ ጮህኩ። «በቃ፣ ተወኝ!»

ኮቴው ሳይቆም አለፈ። ቧንቧውን ገጠምኩ፣ ዘጋሁ፣ ጠብታው ሲቆም እጄን አነሣሁ።